የወረሱትን ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ወደ ሌላ ጥይት ለማስለወጥ ከማሰብዎ በፊት የሚያደርጉት ምርመራ

እዚህ ጎንደር ባለችኝ አነስተኛ የቶርኖ ቤት የሚመጣው ሥራ አብዛኛው የውኃ ፓምፕ ዘንግ፣ የወፍጮ ቡሽ እና የባጃጅ ክፍል ነው። እህል ከተሰበሰበና እጅ ላይ ትንሽ ገንዘብ ከገባ በኋላ ግን አንዳንድ ሰው ፈቃድ ያለበትን የአባቱን ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልሎ ይመጣና «አፈሙዟን ለውጠህ የክላሽ ጥይት የምትጎርስ አድርግልኝ» ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠመንጃዋ በርካሽ የተገኘች ወይም የተወረሰች ስትሆን የራሷ ጥይት ግን ጠፍቷል ወይም ዋጋው አይቀመስም። እኔ የመሣሪያ ሥራ ፈቃድ ስለሌለኝ ሥራውን አልቀበልም፤ ይሁን እንጂ ባለቤቱን ባዶውን መመለስ ነውር ስለሚመስለኝ ምን መመርመር እንዳለበት ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ያንኑ ደጋግሜ በቃል የተናገርሁትን በጽሑፍ ያሰፈርሁበት ነው።

አስቀድሞ የሕጉን ነገር እናንሳ። በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ስለዚህ መሣሪያው ላይ ማንኛውም ብረት ነክ ሥራ ከመታሰቡ በፊት ፈቃዱን ይዘው ፖሊስ ዘንድ ቀርበው ምን እንደሚፈቀድና ማን መሥራት እንደሚችል በግልጽ ይጠይቁ። ፈቃዱ ላይ የተመዘገበው የጥይት ዓይነት ሌላ፣ ጠመንጃው የሚጎርሰው ሌላ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ጣጣ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ምርመራ ግን መቁረጥም መብሳትም የሌለበት፣ መለካትና ማየት ብቻ ስለሆነ ባለቤቱ በእርጋታ ሊያደርገው ይችላል።

መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። መቀርቀሪያውን ወደ ላይ አንሥተው ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ካዝናውን በዓይን ብቻ ሳይሆን ጣት አስገብተው ይዳስሱ፤ ከዚያ በመቀርቀሪያው በኩል በባትሪ እያበሩ የጥይቱን ማረፊያ፣ ማለትም ጥይቱ ሲተኮስ የሚቀመጥበትን የአፈሙዙን የኋላ ክፍል ይመልከቱ። ለሃያ ዓመት ከሣጥን ያልወጣ ጠመንጃ ማረፊያው ውስጥ ጥይት ተቀርቅሮ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎ በዘንግ ለመግፋት አይሞክሩ፤ እዚያው ያቁሙና ለሚያውቅ ያስረክቡ። በክፍሉ ውስጥም በምርመራው ጊዜ አንድም ጥይት አይኑር፤ ለመለካት የሚፈልጉት ቀለህ ካለ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ይሁን።

አሁን ጠመንጃው ማን እንደሆነ እንለይ። በጎንደርና በዙሪያዋ ከየቤቱ የሚወጡት ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃዎች የታሪካችን ንጣፎች ናቸው ማለት ይቻላል። ከሁሉም ጥንታዊው ውጅግራ ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ጦር ተቀባይነት ያገኘው የግራ ጠመንጃ ሲሆን ካዝና የለውም፤ አንድ በአንድ እየጎረሰ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ በጥቁር ባሩድ ይተኩሳል። ዓድዋ ላይም የዋለ ነው። ቀጥሎ ጣልያን ሠራሹ ካርካኖ አለ፤ ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በመጨረሻ እጁን የሰጠባት ከተማ ስለሆነች በዚህ አገር የጣልያን ጠመንጃ ማግኘት የሚያስገርም አይደለም። ከዚያ ቤልጂግ የምንለው በቤልጂጉ ፋብሪካ ኤፍ ኤን የተሠራው ማውዘር ይመጣል። ከእንግሊዞች ጋር የገባው ሊ ኤንፊልድ ደግሞ መቀርቀሪያው አጭር መንገድ ስለሚሄድ በእጅ ሲያዝ ወዲያው ይለያል።

ስም ግን አይበቃም፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። ካርካኖን እንውሰድ። በ1891 እ.ኤ.አ. የወጣው 6.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ጣልያኖች ጥይቱን ወደ 7.35 ለወጡትና ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ሲጀመር የአቅርቦት ችግር ስለገጠማቸው ወደ 6.5 ተመለሱ። ስለዚህ ከሩቅ ሲታዩ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ጠመንጃዎች የተለያየ ጥይት ይጎርሳሉ። «ስምንት ሚሊ» የሚባለው፣ ማውዘር የሚጎርሰው የጀርመን ጥይትም እንዲሁ ነው፤ ጥንት አረሩ 8.08 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር፤ ከ1905 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን 8.22 ሆነ። ስሙ አልተለወጠም፤ ወፍራሙ አረር በጠባቡ አፈሙዝ ውስጥ ሲገፋ የሚፈጠረው ግፊት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። «ሰባት ስድሳ ሁለት» የሚለውም ስም ቢያንስ ሦስት የማይቀራረቡ ጥይቶችን ይሸፍናል፦ ቀለሁ 39 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው የክላሹ፣ 51 የሚረዝመው የኔቶው፣ 54 የሚረዝመውና ግርጌው ዙሪያ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር ያለው የጥንቱ ሩስያዊ። ገበያ ላይ «ሰባት ስድሳ ሁለት ናት» ተብሎ የተነገረው ሰው ምንም አልተነገረውም።

ስለዚህ የሚለኩት በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የአፈሙዙ ውስጥ ስፋት ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያዋን የአባቴን ጠመንጃ በለካሁ ጊዜ ካሊፐሩን፣ ማለትም የስፋት መለኪያዬን፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ አስገብቼ ያገኘሁትን ቁጥር ጻፍሁና ለሳምንታት በተሳሳተ ነገር ስከራከር ከረምሁ። ስሕተቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ አባቴ ዕድሜ ልኩን ከፊት ለፊት በብረት ዘንግ ሲወለውላት ስለኖረ ጫፉ ተፍቆ እንደ ጥሩንባ ሰፍቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ስላለው ካሊፐሩ የቦዩን ጥልቀት ሳይሆን በቦዮቹ መካከል ያለውን ጉብታ ነው የሚነካው።

ትክክለኛው መንገድ ለስላሳ እርሳስ ማሳለፍ ነው። ከጎርጎራ የሚመጡ ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ላይ የሚያስሩት እርሳስ ለዚህ ፍጹም ተስማሚ ነው። መቀርቀሪያውን አውጥተው አፈሙዙን በቀጭን ዘይት ካራሱ በኋላ፣ ከአፈሙዙ ጥቂት የሚወፍረውን የእርሳስ ቁራጭ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ጫፉ ላይ ያስገቡና በናስ ዘንግ እየገፉ በኋላው በኩል ያውጡት። ዘንጉ ናስ ይሁን፤ ብረት ከሆነ አፈሙዙን ይፍቀዋል። ሲገፉ እጅዎ የሚነግርዎን ያዳምጡ፤ አንድ ቦታ ላይ ዘንጉ በድንገት ቀለል ካለ እዚያ አፈሙዙ አብጧል ወይም ተበልቷል ማለት ነው፤ ድንገት ከከበደም ዝገት ወይም ጥርቅም አለ። የወጣው እርሳስ ላይ የቦዮቹ ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሞ ያገኙታል፤ ከፍ ብሎ የወጣውን ከዳር እስከ ዳር ሲለኩት የአረሩን ትክክለኛ ውፍረት ያገኛሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ማውዘርና ካርካኖ አራት ቦይ ስላላቸው ቦይ ከቦይ ትይዩ ይገጥማል፤ የሊ ኤንፊልድ አብዛኛው ግን አምስት ቦይ ስለሆነ ቦዩ ከጉብታው ጋር ይጋጠማል፤ ካሊፐሩም ይዋሻል። አምስት ቦይ ከቆጠሩ ልኬቱን ለባለሙያ ይተዉት።

ሁለተኛው ልኬት የመቀርቀሪያው ፊት ነው፤ የቀለሁ ግርጌ የሚቀመጥበት ክብ ጎድጓዳ ማለቴ ነው። ይህ ልኬት ብዙ ክርክር ያሳጥራል። የክላሽ ቀለህ ግርጌ 11.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማውዘሩ 11.95፤ የኔቶው 12 ያህል፤ የእንግሊዙ .303 13.7፤ ከንፈር ያለው የሩስያው 14.4። አንዱን ለሌላው ማልበስ የማይቻልበት ምክንያት እዚህ ላይ በዓይን ይታያል፤ ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ጠባብ ግርጌ መሐሉን አይይዝም፣ ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍርም አይደርስበትም። በአንጻሩ የማውዘሩና የኔቶው ግርጌ እኩል ሊባል የሚችል መሆኑን ልብ ይበሉ። እስራኤሎች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጀርመን ማውዘሮቻቸውን በአዲስ አፈሙዝ ወደ 7.62 ኔቶ የለወጡት ይህ ስለተመቻቸው ጭምር ነው፤ ግን ያደረጉት በመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ፣ እያንዳንዱን ፈትሸው፣ እንጨቱም ላይ ቁጥሩን በትልቁ በእሳት አትመው ነው።

ሦስተኛው የጥይቱ ማረፊያ ነው፤ እሱን ግን ቤት ውስጥ መለካት አስቸጋሪ ነው። አንዳንድ ሰው ሻማ አቅልጦ ያፈሳል፤ ሻማ ሲበርድ ስለሚኮማተር የሚወጣው ቅርጽ ሐሰተኛ ነው። ባለሙያዎች በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥና ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ብረት ይጠቀማሉ። ባለቤቱ ማድረግ የሚችለው ያለፈው ተኩስ የጣለውን ቀለህ መፈለግ ነው። በአንዳንድ ቤት ለልጆች መጫወቻ ወይም ለበር መቆለፊያ የሚውል አንድ አሮጌ ቀለህ አይጠፋም። ርዝመቱን፣ የግርጌውን ስፋት፣ የአንገቱን ውፍረት ይለኩ፤ ግርጌው ላይ የታተመውንም ይገልብጡ። እርሱ ከጠመንጃዋ የወጣ መሆኑን እርግጠኛ ካልሆኑ ግን ምስክርነቱ አይያዝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ልንገር፤ ጥይት ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ባለፈው ዓመት ከደምቢያ የመጣ አንድ ወንድሜ ማውዘሩን ይዞ «የክላሽ ጥይት እኮ ትገባለች፤ ትንሽ ብቻ ትላወሳለች» አለኝ። ትንሽ ማለቱ 57 ሚሊ ሜትር ለሚረዝም ቀለህ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ 39 ሚሊ ሜትሩ መንሸራተቱን ነው። የናስ ቀለህ ሥራ ባሩድ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ሲተኮስ በግፊቱ ተለጥጦ ከማረፊያው ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ጋዙን ይዘጋል። ግድግዳው ከራቀው ይቀደዳል፤ ጋዙም በጣም በከፍተኛ ግፊት ወደ ኋላ፣ ማለትም ጉንጩን እንጨቱ ላይ ወደ አሳረፈው ሰው ዓይን ይመለሳል። በማውዘሩ ጥይት ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 390 ሜጋ ፓስካል ነው፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሩብ ሜጋ ፓስካል እንኳ እንደማይሞላ ካሰቡ መጠኑ ይገባዎታል።

በመቀርቀሪያው ፊትና ቀለሁ ትከሻውን በሚያስደግፍበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት በዚሁ ምክንያት የዚህ ሥራ ነፍስ ነው። ይህ ርቀት የሚፈተነው በጥይት ቅርጽ የተሠሩ ሁለት ብረቶችን ማረፊያው ውስጥ በማስገባት ነው፤ ለኔቶው ጥይት በሚሠራበት የሲቪል መለኪያ መቀርቀሪያው ሊዘጋበት የሚገባው «ይግባ» በሚባለው ብረትና ሊዘጋበት በማይገባው «አይግባ» በሚባለው መካከል ያለው ልዩነት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ጸጉር ውፍረት እንደማለት። የእኔ ቶርኖ በጥሩ ቀኗ ይህን ልትቆርጥ ትችል ይሆናል፤ ግን መቁረጥ ሌላ፣ በትክክለኛው መለኪያ ማረጋገጥ ሌላ ነው፤ እነዚህ መለኪያዎች ደግሞ በየጋራዡ የሚገኙ አይደሉም።

ጥንካሬው ቀጥሎ ይታያል። ጠመንጃውን ከእንጨቱ ያላቅቁትና የብረቱን አካል በላምባ በደንብ አርሰው ለሩብ ሰዓት ይተዉት። ከዚያ በጨርቅ አድርቀው በደቀቀ ጠመኔ ያልብሱት። መሰንጠቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ቀስ እያለ ወጥቶ ነጩን ጠመኔ በጠቆረ ቀጭን መስመር ያረጥበዋል። በተለይ የመቀርቀሪያው ጆሮዎች (ሲዘጋ አካሉ ውስጥ ገብተው የሚይዙት ጉብታዎች) የሚቆለፉበትን ቦታ፣ የጆሮዎቹን ሥር እና አፈሙዙ የሚታሰርበትን አንገት ይመርምሩ። እኔ የእርሻ መሣሪያ ላይ የምጠቀምበት ዘዴ ይኸው ነው፤ ሞተር ጭንቅላት ላይም አይዋሽም። መስመር ከታየ ሌላ ጥያቄ የለም፤ ያ ጠመንጃ ከእንግዲህ አይተኮስበትም፣ በራሱ ጥይትም ቢሆን።

መቀርቀሪያው ላይና አካሉ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮችም ያስተያዩ። ባይገጥሙ መቀርቀሪያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው፤ የጸጉር ውፍረት ያልሁት ርቀትም ዋስትና የለውም። አንዳንዱ ብልህ ነኝ ባይ የማይገጥመውን ጆሮ በድንጋይ ሞርዶ ያስገባዋል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የማውዘር ብረት ላዩ ብቻ በእሳት የጠነከረ፣ ውስጡ ለዘብ ያለ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ቆዳውን የሞረደ ሰው ለስላሳውን አጋልጦ ተወው። ከተወሰነ ተኩስ በኋላ ጆሮው መቀመጫውን እየጎደጎደ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ውጅግራን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፤ አይነካ። በጥቁር ባሩድ ዘመን ብረት ላይ የዘመኑን ጥይት ማሰብ ተገቢ አይደለም። ፈረንሳዮች ራሳቸው በ1914 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲያስጨንቃቸው አንዳንዱን ውጅግራ ሌብል በሚባለው ተከታዩ ጠመንጃቸው አፈሙዝ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ለውጠዋል፤ እሱ ግን የጭንቅ ቀን መፍትሔ ነበር።

ሊ ኤንፊልድ ያለዎ ደግሞ ስለ ሕንዶቹ ሳይሰሙ አይቀሩም። በኢሻፖር ፋብሪካ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ቅርጽ ያለውን ጠመንጃ ለ7.62 ኔቶ ሠርተዋል፤ ስለዚህ «የእኔም ይለወጣል» የሚል አለ። ሕንዶቹ ግን አሮጌውን አልቀየሩም፤ በተሻለ ብረት አዲስ ሠርተው ካዝናውንም ለአዲሱ ጥይት አበጅተውለታል። ኢንተርኔት ላይ አሜሪካዊው በጓዳው ውስጥ በአንድ ቁልፍ አፈሙዝ ሲቀይር የሚታይበት ቪዲዮም ሰውን እንዳያታልል። የሳቬጅ ኩባንያ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠራው ርካሽ ጠመንጃ ላይ አፈሙዙ በዳዶ ስለሚታሰር ርቀቱ በመለኪያ እየታየ ይስተካከላል፤ የመቀርቀሪያው ራስም ተነጥሎ ይወጣል። ለመቀየር የተዘጋጀ ጠመንጃ ነው። የአባትዎ ማውዘር አፈሙዝ ግን በፋብሪካ ተጠብቆ የታሰረና ለዚያ አካል ብቻ የተለካ ነው።

ሁሉም ልኬት ቢሳካ እንኳ ሂሳቡ አይዘጋም። አዲሱ ጥይት ካዝናው ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆምና ወደ ማረፊያው መግባት አለበት፤ ካርካኖ ለምሳሌ ስድስት ጥይት የሚይዝ የብረት ቅንጥብ ከነጥይቱ ስለሚጎርስ ያ ቅንጥብ የማይዘውን ጥይት ካዝናውም አይመግብም። ማነጣጠሪያው ላይ የተቀረጸው የርቀት ቁጥርም ለአሮጌው አረር ጉዞ የተሰላ ስለሆነ ለአዲሱ ሐሰት ይሆናል። አፈሙዝ፣ ማረፊያ መቆፈሪያ፣ መለኪያ፣ የባለሙያ ድካም፣ ከዚያም በርቀት ገመድ ታስሮ የሚደረግ የግፊት ፍተሻ ሲደመር፣ ርካሽ ናት ተብላ የተያዘችው ጠመንጃ ርካሽነቷ ያልቃል። ያን ያህል ወጪ ካለ ሕጋዊውን መንገድ ተከትሎ ጥይቱ የሚገኝለትን ሌላ መያዝ ይቀላል።

ስለዚህ ምርመራው ሲያልቅ አብዛኛው ሰው የሚቀረው ጠመንጃዋን እንደነበረች መጠበቅ ነው። አፈሙዙን ከኋላ በኩል በናስ ብሩሽ ጠርገው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት፤ ከዚያ በቀጭኑ ዘይት ይቀቡት። ዘይት ማብዛት ጥሩ አይደለም፤ ወደ እንጨቱ ወርዶ ያበሰብሰዋል። ቆዳ ማኅደር ውስጥ ለዓመታት አያስቀምጡ፤ በክረምት ቆዳው እርጥበት ይስባል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። መቀርቀሪያውን ከአካሉ ለይተው በተለያየ ቦታ ይቆልፉበት።

ያገኙትን ልኬት ሁሉ በወፍራም ካርቶን ላይ ጽፈው በምላጩ ዙሪያ ባለው ቀለበት ላይ ይሰሩት፤ ነገ ልጅዎ ከሣጥን ሲያወጣት እንደገና ከዜሮ እንዳይጀምር። የአባቴ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ቤልጂግ። አረር 8.22። ቀለህ 57። ግርጌ 11.95። የመቀርቀሪያው ቁጥር ከአካሉ ጋር አይገጥምም፤ በግራ ጆሮው ሥር በጠመኔ መስመር ታይቷል። አይተኮስባት።»